ወንዙ ዐረብኛ አያውቅም

ነብራ ሳቲ ጎረቤቴ ነበረች። ጎረቤት ስል አንድ ግድግዳ የምንጋራ፣ እሷ ስታስነጥስ እኔ «ይማርሽ» የምል ዓይነት። ሠላሳ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ስንኖር ሠላሳውን ዓመት ስንጣላ ነው ያሳለፍነው። የተጣላነው በድንበር ወይም በተምር ዛፍ አይደለም፤ በቋንቋ ነው።

እኔ የመንደሩ አስተማሪ ነበርኩ። በእኔ ጊዜ ትምህርት ቤት ውስጥ ዐረብኛውን ትቶ የእናቱን፣ የእኛን የማሃሶቹን ቋንቋ የተናገረ ልጅ አንገቱ ላይ የእንጨት ቁራጭ በገመድ ይንጠለጠልበታል። ልጁም በተራው ሌላ ሲናገር የሰማውን አድኖ እንጨቱን ያስተላልፋል። የመጨረሻው ደወል ሲደወል እንጨቱ የተገኘበት ልጅ ይገረፋል። ገራፊው እኔ ነበርኩ። ከበላይ ታዝዤ ነው እላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን እጄም አይሰንፍም ነበር። ነብራ ለዚህ ሥራዬ ስም አወጣችልኝ፤ «አርጩሜ» ነበር የምትለኝ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም፣ በሠርግም፣ በለቅሶ ቤትም።

የተወለደችው ከእኛ ወደ ታች፣ ሐልፋ አጠገብ ነው። ባል አግብታ ወደ እኛ መንደር በመጣች በአራተኛው ዓመት በግብፅ በኩል የተሠራው ግድብ ውኃ ወደ ኋላ ተኝቶ የትውልድ መንደሯን ዋጠው። እናቷና ወንድሞቿ በባቡር ተጭነው ወደ ኸሽም አልጊርባ፣ ወደ አትባራ ወንዝ ዳር ተወሰዱ። እሷ እኛ ዘንድ ቀረች። ባሏ ሞተ፤ አንድ ልጇን ፈጊርን ብቻዋን አሳደገች፤ አዋላጅም ሆነች። ስንጣላ ምላሷን አውጥታ በጣቷ ትነካና፣ «ከዚያ አገር ውኃ ሳይገባበት የወጣልኝ ዕቃ ይሄ ብቻ ነው። አንተ ደግሞ ይሄንኑ በአርጩሜ ታሳድደዋለህ» ትለኝ ነበር።

በእኛ ዘንድ ውኃው ሥር ስለሚኖሩት ስለ ወንዝ ሰዎች «አሉ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። አሉ። ከብት አላቸው፣ ይጋባሉ፣ ይፋታሉ፤ ዐረብኛ ግን አያውቁም። ሕፃን በተወለደ በሰባተኛው ቀን እናቱ ይዛው ወንዝ ትወርዳለች። ጉልበቷ ድረስ ገብታ ፊቱን ታጥበዋለች፣ ሰባት ጉርሻ ገንፎ ውኃው ላይ ትጥላለች፣ ከዚያ በገዛ አፏ በቋንቋችን «ይህ የእኔ ነው። እኔ ወለድኩት። ስሙ እገሌ ነው። ዕወቁት፤ አትንኩት» ትላለች። ወንዙ ሞልቶ ግንድ ይዞ ሲመጣ ቀድሞ ድንጋይ ያኖረበት ሰው ይወስደዋል አይደል? የእናት ቃል ልጁ ላይ የሚቀመጥ ድንጋይ ነው። ባለቤት እንዳለው ይታወቃል።

ፈጊር አድጎ ጅዳ ሄደ፤ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ያገባት ልጅ ነጅዋ ትባላለች፤ ኡምዱርማን ተወልዳ ያደገች። አባቷ የእኛው መንደር ልጅ፣ የእኔው ተማሪ ነበር። እንጨቷ ከማንም አንገት ይልቅ እሱ አንገት ላይ ነበር የምትውለው። ትልቅ ሰው ሲሆን ከልጆቹ አንዱም ያን ቋንቋ እንዳይሰማ ምሎ፣ መሐላውን ጠበቀ። ይህን የምጽፈው ደስ ብሎኝ አይደለም።

ነጅዋ ስትፀንስ ባሏ እናቱ ዘንድ እንድትወልድ ላካት። አማትና ምራት አንድ ግቢ ገቡ። ነጅዋ ቋንቋችንን ጭራሽ አትችልም፤ ነብራ ደግሞ ዐረብኛዋ ሰባራ ነው፤ ወንድና ሴት አትለይበትም።

«አንተ ነጅዋ፣ ና ብላ! ሆድህ ውስጥ ያለች ልጅ ርቧታል!»

«እማማ፣ እኔ እኮ ሴት ነኝ» ትላለች ነጅዋ እየሳቀች።

«ሴት ከሆንክ ለምን ተርኪን አትበላም?»

«ይሸተኛላ! የበሰበሰ ዓሣ እኮ ነው።»

«የኡምዱርማን አፍንጫ!» ትልና ነብራ በእኛ ቋንቋ ደግሞ ለግድግዳው፣ ማለትም ለእኔ፣ «ሰማህ አርጩሜ? ያንተ ፍሬ ነች» ትለኛለች። ሲጣሉም ሲፋቀሩም እንዲህ ነበር። ይፋቀሩ እንደነበር አትጠራጠሩ።

ልጁ ተወለደ፤ በነብራ አባት ስም ሳቲ ተባለ። ነብራ ስድስቱን ቀን ሙሉ ለነጅዋ ቃሉን ስታስጠናት ሰማሁ። ነጅዋም ጥሩ ይዛው ነበር። በሰባተኛው ቀን ሴቶቹ ወረዱ። ወንድ አይሄድም፤ እኔ ግን የውኃ ፓምፔን እየጠገንኩ ስለነበር ሁሉንም አየሁ። ነጅዋ ውኃው ውስጥ ቆመች፣ ገንፎውን ጣለች፣ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ጠፋት። አንዷ አሮጊት ኪኪ ብላ ሳቀች፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ነጅዋ እንደገና ሞክራ ተንተባተበች፣ ከዚያ አለቀሰች። ነብራ ተናደደች። በሴቶቹ ይሁን በምራቷ ወይስ በእኔ፣ አላውቅም። ዘላ ገብታ ልጁን ነጠቀቻትና ጮክ ብላ፣ «ይህ የእኔ ነው። እኔ ወለድኩት። ስሙ ሳቲ ነው» አለች።

ሳቁ ተቋረጠ። ውኃውም የቆመ መሰለኝ። ሰባቱ ጉርሻዎች ወደ ታች እየሄዱ ነበር፤ ቀጥ አሉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ሰመጡ። ገንፎ ይሰምጣል፣ ይህ ምንም አይደለም፤ ግን አንዱ ሰምጦ ሌላው ተራውን የሚጠብቅ ገንፎ አይቼ አላውቅም።

«ነብራ፣ ምን አልሽ አንቺ?» አለች የሳቀችው አሮጊት።

«ያው አንድ ደም አይደለን? ወንዙ አያትን ከእናት ይለያል?» ብላ ነብራ ልጁን ይዛ ወጣች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ልጁ አያለቅስም ነበር። ሲርበው ዝም፣ ሲወድቅ ዝም። ጎረቤቱ ሁሉ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» ሲል ነጅዋ ፊቷ ይገረጣል። የትም ብታስተኛው ሲነቃ ፊቱ ወደ ወንዙ ዞሮ ይገኛል። አልጋውን አዞረችው፤ እሱም ዞረ። ሁለት ዓመት እስኪሞላው አንድ ቃል አልተናገረም።

በሁለተኛው በጋ፣ ቀትር ላይ፣ መንደሩ በሙሉ በር ዘግቶ በተኛበት ሰዓት ነጅዋ ስትጮህ ሰማሁና ግድግዳውን ዘልዬ ገባሁ። በስልሳ ዓመቴ ዘለልኩ። ልጁ አልጋው ላይ ተቀምጦ ፈገግ ብሏል። ከግቢው በር ተነሥቶ እስከ አልጋው ድረስ አሸዋው ላይ የእርጥብ እግር ዱካ ነበር። ሦስት ሰው ይሆናል፤ አንዱ ትንሽዬ ነው። የገባ ዱካ እንጂ የወጣ ዱካ የለም። በዚያ ፀሐይ የፈሰሰ ባልዲ ውኃ ዓይን እስኪጨፈን አይቆይም፤ ያ ዱካ ግን እስከ አሥር ሰዓት ድረስ እንደረጠበ ቆየ።

«ኡስታዝ፣ ምንድነው ይሄ? እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት» አለችኝ ነጅዋ።

የተማርኩት ይህን አልነበረም። ነብራን አየኋት፤ ዓይኗን ሰበረች። ነብራ እኔ ፊት ዓይኗን ስትሰብር ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ ማውራት ጀመረ። ደጃፍ ላይ ፊቱን ወደ ወንዙ አድርጎ ይቀመጥና እንደ ትልቅ ሰው እያረፈ፣ መልስ እየጠበቀ ያወራል። ነብራ በመጀመሪያ ደስ ሊላት ቃጣት፤ «በእኛ ቋንቋ ነው የሚያወራው!» አለች። ቀረብ ብላ ስትሰማ አይደለም። ዜማው የእኛ ነው፤ ቃሉ ግን አይያዝም። እኛ ማሃሶች ውኃን «አማን» እንላለን፤ የዶንጎላ ዘመዶቻችን «እሲ» ይላሉ። የልጁ ቃል ወደ ዶንጎላው ያደላል፤ ግን ጨው ሊሸጥ የመጣ የዶንጎላ ነጋዴ አዳምጦት «የእኛም አይደለም» ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ ሻዩንም ሳይጨርስ ሄደ።

ቋንቋም እንደ ሰው ይወልዳል፣ ልጆቹም ይበተናሉ። ዓለም ላይ ብዙ የቋንቋ ነገድ እንዳለ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆቻችን ይነግሩኛል። ያን ያህል የገረፍኩለት ዐረብኛ ዘመዶቹ እነ ዕብራይስጥና የሐበሻ ቋንቋዎች ናቸው አሉ፤ ለእኛ ባዳ ነው። የእኛ ሥጋ ዘመዶች ሌላ ቦታ ናቸው፤ በኑባ ተራሮችና በዳርፉር ዳር፣ ወንዝ አይቶ በማያውቅ አገር። ከእነዚያ አንዱ ጅብሪል ነበር፤ ከዳርፉር፣ የሚዶብ ተራራ ሰው፤ በዓመት አንዴ ግመል እየነዳ ወደ ግብፅ ሲያልፍ እኔ ቤት ያርፋል። በዐረብኛ ነው የምንግባባው። አንዳንዴ ግን ለጨዋታ ቃል ከቃል እናስተያያለን፤ ውኃን «እጪ» ይለዋል። አንዳንዱ ቃሉ ጠፍቶ እንደተገኘ ዘመድ ይሆንብኛል።

ያን ዓመት ጅብሪል ግመሎቹን አጠጥቶ ግቢዬ ውስጥ ተምር ይበላ ነበር። ነብራ ልጁን ይዛ መጣች። ልጁ ደጃፌ ላይ ተቀመጠና እንደ ልማዱ ወደ ወንዙ ማውራት ጀመረ። ጅብሪል ማኘኩን አቆመ።

«የማን ልጅ ነው ይሄ?»

«የእኔ የልጅ ልጅ ናት። ምነው፣ ምን ሆንሽ አንቺ?» አለችው ነብራ በዐረብኛዋ። ጅብሪል አልሳቀም።

«ይህን ንግግር ማን አስተማረው?»

«ማንም» አልኩ።

«የእኛ አይደለም። ግን የሴት አያቴ እናት፣ አርጅታ ስትቃዥ፣ እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ ይወጣ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ልጅ ነኝ። ግማሹ ይገባኛል።» ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። «ከሰዎች ጋር ነው የሚያወራው። ‹ቆዩ፣ እመጣለሁ› ይላል። ስለ አንድ ቤት ይናገራል። ከበሩ በላይ ግድግዳው ላይ ለጌጥ የተለጠፉ አምስት ሳህኖች አሉ፤ አራተኛው ተሰንጥቋል። ዓሦቹ በመስኮት ገብተው በበር ይወጣሉ።» ጅብሪል የያዘውን ተምር አስቀመጠ። «‹አልጋዬን አንጥፈውልኛል› ይላል።»

ነብራ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጅብሪል ያን ቀን ሊያድር ነበር፤ ግመሎቹን ሰብስቦ ሳይመሽ ሄደ፤ ከዚያ በኋላም እኔ ቤት አርፎ አያውቅም።

ሁለታችን ስንቀር በቋንቋችን፣ «ሳህኑን የሰነጠቅኩት እኔ ነኝ» አለችኝ። «የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ በድንጋይ። እናቴ ጎረቤት እንዳይሰማ ብላ ዝም አለች። ከእሷና ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም። ያ የእናቴ ቤት ነው። አሁን የወንዝ ሰዎቹ ናቸው የሚኖሩበት።»

«ነብራ፣ ምን ይሻላል?»

«የሚሻለውን ከመጀመሪያው ቀን አውቀዋለሁ።»

ደሜ ፈላ። «አውቀሽ ነው ሁለት ዓመት ሙሉ የተቀመጥሽው?»

«ጩህ፣ ልማድህ ነው» አለችኝ፤ ድምፅዋ ግን ጉልበት አልነበረውም። «ያልወለድኩትን ወለድኩ አልኩ። በውሸት የተያዘ ልጅ ባለቤት የለውም፤ ባለቤት የሌለውን ደግሞ ቀድሞ ያገኘው ይወስደዋል። ቃሌን ማንሳት አለብኝ። ወንዝ ገብቼ ‹የእኔ አይደለም› እላለሁ፤ ከዚያ ነጅዋ በገዛ አፏ የእኔ ነው ትላለች። በቃ።»

«ታዲያ ምን ያስቸግራል?»

«የካደ ሰው ተመልሶ አይጠራም። ካድኩት በኋላ በዚህ ቋንቋ አንዲት ቃል ካልኩት ክህደቴ ውሸት ይሆናል፤ ያን ጊዜ እንደገና ይጠሩታል፤ ሁልጊዜ ደርሶ የሚያስጥለው አይገኝም። በዐረብኛ የፈለግሁትን ባናግረው እነሱ አይሰሙም። በዚህ ግን እስክሞት አላናግረውም።» ከዚያ ልጁን እያየች፣ «አንድ የልጅ ልጅ ነው ያለኝ። ለማን ልተወው ነበር?» አለች። ቋንቋውን ማለቷ ነው። እኔ አለቀስኩ፤ እሷ አላለቀሰችም።

ሦስት ቀን ነጅዋን አስጠናቻት። በአራተኛው ቀን በቀትር ወረዱ። እኔም ሄድኩ፤ ማንም «ወንድ አይገባም» አላለኝም። ንፋስ የለም፤ ተምሩ አይንቀሳቀስም። ነብራ እስከ ወገቧ ገባች።

«ዋሽቻለሁ» አለች። «አልወለድኩትም። የእኔ አይደለም። ዳግም በዚህ ቋንቋ አልጠራውም።»

ውኃው እሷ ዙሪያ ጠቆረ። ደመና አልነበረም፤ ቀና ብዬ አይቻለሁ። ነብራ ቀሚሷ ከሥር እንደተያዘ ሰው ወደፊት ተንገዳገደች፤ ቆመችም። ያን ጊዜ ልጁ ነጅዋ እቅፍ ውስጥ ሆኖ ወደ ወንዙ መወራጨት ጀመረ። የሁለት ዓመት ልጅ ነው፤ እናቱን ግን ጎትቶ እስከ ደረቷ አስገባት። እኔ ልይዛት ገባሁ፤ ውኃው ከክረምት ውኃ ይልቅ ይቀዘቅዝ ነበር። ነጅዋ ቃሉን አለች። በኡምዱርማን አነጋገር፣ አንዱን ቃል ሰባብራ። ማንም አልሳቀም። ምንም አልሆነም። ደግማ አለች። ልጁ አሁንም ይጎትታል፤ ከውኃው በታች ደግሞ እግሬን የነካኝ ነገር ነበር፤ ዓሣ ነው ብያለሁ፣ ዓሣ ነው እላለሁ። በሦስተኛው ነጅዋ ጮኸች፤ «ይህ የእኔ ነው! እኔ ወለድኩት!» ብላ እንደ ነብር ጮኸች።

ልጁ አለቀሰ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አፉን ከፍቶ፣ እንደማንኛውም ልጅ እዬዬ አለ። ነጅዋ አቅፋው እየተንገዳገደች ወጣች። ነብራ ግን ውኃው ውስጥ ቆማ ቀረች፤ እጇን ይዤ ነው ያወጣኋት።

ልጁ የድሮውን ንግግር ረሳው። ነጅዋ ከዚያ በኋላ ቋንቋውን መማር ያዘች፤ የፈራች ሰው ትምህርት ፈጣን ነው። ፈጊር ከጅዳ ለእናቱ በቋንቋችን እየተናገረ ድምፁን በካሴት እየቀረጸ ይልክ ነበር፤ ነጅዋ ካሴቱን ደጋግማ ትሰማለች፣ የማይገባትን እኔን ትጠይቃለች። ገራፊው አስተማሪ ሆንኩ። የተማረችውን ለልጁ ታወራለታለች፤ ነብራ ከወዲያ ተቀምጣ የተሰባበረውን ቃል ትሰማለች፤ ከንፈሯ ሊያርም ይከፈትና ይዘጋል። እሷ ልጁን የምታናግረው በዐረብኛ ነው። «አንቺ ሳቲ፣ ነይ፣ ወተት ጠጪ!» ትለዋለች። የመንደሩ ልጆች ይስቁበታል።

አንድ ጊዜ ብቻ ተሳስታለች። ልጁ አራት ዓመቱ ነው፤ ግቢው ውስጥ በጭቃ ይጫወታል። ነብራ ከቀትር እንቅልፍ ነቅታ ሳታስበው በቋንቋችን «ና ልጄ» አለችው። ልጁ ጭቃውን አስቀምጦ ተነሣ። ወደ እሷ አልሄደም። ዓይኑን ሳያርገበግብ በሩን ወጥቶ ቁልቁል ወደ ወንዙ ተራመደ። ነጅዋ እግሩ ውኃ ሲነካ ደረሰችበት። ነብራ ያን ቀን አፏን በሻሿ አሰረች፤ ሳምንት ሙሉ ለማንም አልተናገረችም፤ ከዚያ ወዲያም ልጁ በሚሰማበት ቋንቋችንን ከአፏ አላወጣችም።

ልጁ ሰባት ዓመት ሲሞላው ነብራ ታመመች። የልብ ነው አለ ሐኪሙ። ፈጊር ከጅዳ እየመጣ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ልጠይቃት ገብቼ ልጁን አልጋዋ ዳር አገኘሁት። አሁን ቋንቋችንን ጥርት አድርጎ ይናገራል፤ ከነጅዋ ይልቅ፣ እንዲያውም ከእኔ ይልቅ። በዚያው ቋንቋ፣ «አያቴ፣ መንደሩ ሁሉ የሚያወራውን አንቺ ብቻ ለምን አትችይም?» አላት።

ነብራ በዐረብኛ መለሰችለት። «አልተማርኩም፣ የኔ ልጅ። አንቺ ግን ጎበዝ ነሽ።»

ልጁ አዘነላት። ወደ እሷ ተጠግቶ እጇን አነሣና የእጅን ስም በቋንቋችን አላት፤ «በይ፣ ተከተይኝ። ቀላል ነው» አላት። ነብራ አፏን አጥብቃ ዘግታ ራሷን ነቀነቀች። «አይዞሽ፣ አልስቅብሽም» አለና ዓይኗን ነክቶ የዓይንን ስም፣ ግንባሯን ነክቶ የግንባርን ስም፣ ቀስ እያለ፣ ለሕፃን እንደሚነገር እየነገራት ቀጠለ።